የድጋፍ ምግብ ሥራ ማስታወሻ፦ ለማደግ ለዘገየ ልጅ፣ ለተጎዳ አንጀት

መነሻ

የምንሠራው አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ልጆች የሚሆን የድጋፍ ምግብ ነው። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ነው። የላይኛው ክንድ ዙሪያቸው ከ115 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ከ125 በታች ነው። መካከለኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት የሚባለው ይኼ ነው። ከ115 በታች የሆነ ልጅ ወይም ሁለት እግሩ ያበጠ ልጅ የኛ ሥራ አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይላካል። ይህን መስመር ገና ድስት ሳንጥድ ነው ያሰመርነው። ከባድ እጥረት ያለበትን ልጅ በድጋፍ ምግብ ብቻ ማቆየት ሕይወቱ ላይ መፍረድ ነው።

መለካቱንና መመዝገቡን የማዕከላችን ነርስ ይዛለች። ቀመሩ፣ ግዢውና ምርቱ የኔ ነው። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ የሚጀምር ሰው ከዜሮ እንዳይነሳ ብዬ ነው።

ቀመር መምረጥ

መጀመሪያ ያየነው ፕላምፒ ነት የሚባለውን፣ የታወቀውን የኦቾሎኒ ቅቤና የወተት ዱቄት ድብልቅ ነው። ፕላምፒ ነትን አንድሬ ብሪየንድና ሚሼል ሌስካን የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ሲሆን 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። የዚህ ዓይነት ምግብ መደበኛ ቀመር ብዙ ቦታ ተጽፏል። ከመቶው 30 እጅ ሙሉ ቅባት ያለው የወተት ዱቄት፣ 28 ስኳር፣ 25 የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 15 ዘይት፣ የቀረው ቪታሚንና ማዕድን። የስንቱን ልጅ ነፍስ ያተረፈ ምግብ ነው። ግን የተሠራው ለከባድ እጥረት ነው። ወጪውን ስናሰላ ደግሞ ወተቱ ብቻውን ሌላውን ሁሉ በለጠ።

ሁለተኛው በትንሽ መጠን የሚሰጠው ቅባት ነክ ድጋፍ ነው። በቀን 20 ግራም ገደማ፣ ከ100 እስከ 120 ኪሎ ካሎሪ። ልጁ ቤት በሚበላው ላይ ይጨመራል እንጂ ምግቡን አይተካም። ማስረጃው ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ 14 ጥናቶችንና ከ37,000 በላይ ሕፃናትን አንድ ላይ ያየ ትንተና አለ። መቀንጨር (ለዕድሜ ማጠር) በ12 በመቶ፣ መቀጨጭ (ለቁመት መክሳት) በ14 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በቀን ለ20 ግራም ግን ቀላል አይደለም። እኛን ያሳሰበን ይኼ በዋናነት ለመከላከል መሆኑ ነው። የኛ ልጆች አስቀድመው ከስተዋል።

ሦስተኛው ከአንጀት የሚነሳ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሥራው ልብ እሱ ነውና።

ጽዳት በሌለበት አካባቢ የሚያድግ ልጅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቆሻሻ ይውጣል። ተቅማጥ ባይዘው እንኳ የትንሹ አንጀቱ ግድግዳ ይቆጣል። ቪላይ የሚባሉት፣ ምግብ የሚመጥጡት ጣት መሰል ጥቃቅን ጉጦች ያጥራሉ፣ ይደፈጠጣሉ። ግድግዳው ይላላል፤ የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ያልፋል። ሰውነቱ ያንን ሲዋጋ ለእድገት የሚሆነውን ጉልበት ይጨርሳል። ልጁ እየበላ የማያድግበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። እናቶች «ይበላል፣ ግን ጠብ አይልለትም» የሚሉት ነገር ሐሰት አይደለም።

በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከልና በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ያለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይህን ጉዳይ ለዓመታት አብረው ተከታትለዋል። ሥራውን የመሩት ታህሚድ አህመድና ጄፍሪ ጎርደን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ግኝት እንዲህ ይላል። ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ልጆች አንጀት ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ስብስብ ለዕድሜያቸው ያልበሰለ ነው፤ የታናሻቸውን ይመስላል። በሕክምና ምግብ ሲታከሙ ስብስቡ ለጊዜው ይሻሻላል። ምግቡ ሲቆም ግን ተመልሶ ወደ ኋላ ይቀራል።

ከዚያ እነዚያን ባክቴሪያዎች የሚያበስሉ ተራ ምግቦችን ፈለጉ። የተገኘው ቀመር ኤምዲሲኤፍ-2 ይባላል። ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ አኩሪ አተርና ያልበሰለ ሙዝ ነው መሠረቱ። ስኳር፣ የአኩሪ አተር ዘይትና ቪታሚንና ማዕድን ይጨመርበታል። ወተት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ሙከራ ከ12 እስከ 18 ወር የሆናቸው፣ መካከለኛ እጥረት ያለባቸው 118 የዳካ ልጆች ጥናቱን ጨርሰዋል። ግማሾቹ ይህን ቀመር፣ ግማሾቹ የተለመደውን የድጋፍ ምግብ በቀን ሁለቴ ለሦስት ወር በሉ። አዲሱ ቀመር ካሎሪው ያነሰ ነበር። የክብደት ለውጡ ግን በልጦ ተገኘ።

ይህን ነው የመረጥነው። የልጆቹ ዕድሜና ሁኔታ ከኛዎቹ ጋር ይቀራረባል፤ ወተት የለውም፤ ዕቃው ተራ ነው። አንድ ደንብ ግን አብረን ጻፍን። ቀመሩን በነካካን ቁጥር የዳካን ውጤት የኛ ብለን መጥቀስ አንችልም። ስለዚህ የተለየንበት ነጥብ ሁሉ መዝገቡ ላይ በቀይ ይጻፋል።

ኦቾሎኒ

ብዙ ጊዜና ብዙ ድካም የበላው ይኼ ዕቃ ነው።

ችግሩ አፍላቶክሲን ነው። ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ጉበት ይጎዳል፤ በልጆች ላይ ደግሞ ከእድገት መዘግየት ጋር ተያይዞ በተደጋጋሚ ታይቷል። ልጅ እንዲያድግ ብለን በምንሰጠው ምግብ ውስጥ እሱን ማስገባት አይታሰብም። መቁላት አያጠፋውም፤ ቢቀንሰው ነው። መቀቀልም እንደዚያው። መከላከያው ከመጀመሪያው ንጹሕ ዕቃ መግዛት፣ ማድረቅና መልቀም ነው።

የመጀመሪያው ጆንያ ከላይ ሲታይ ጥሩ ነበር። ትሪ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ ስናይ ነገሩ ተለየ። የተጨማደዱ ፍሬዎች አሉ። ልጣጫቸው የጠቆረ አለ። አንዳንዱን ለሁለት ስንከፍለው መሐሉ ላይ፣ ሁለቱ ክፋይ በሚገናኙበት ጎድጓዳ ቦታ፣ አረንጓዴ ቢጫ አቧራ ተቀምጧል። ከውጭ ምንም አይታይም ነበር። መመርመሪያ ስትሪፕ ስንጠቀም ለሕክምና ምግብ ከተቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በኪሎ ግራም 10 ማይክሮ ግራም፣ አለፈ። ጆንያው ሙሉ ተመለሰ። ሻጩ ቅር ብሎታል። ምን ይደረግ።

አሁን የምናደርገው ይኼ ነው። ከነቅርፊቱ የደረቀ ኦቾሎኒ ብቻ እንገዛለን፤ የተፈለፈለ ቶሎ ይበላሻል። ራሳችን እንፈለፍላለን። ሁለት ሰው በየተራ ይለቅማል። የተጨማደደ፣ የተሰበረ፣ ቀለሙ የተለወጠ ይወጣል። ከቆላን በኋላ ቀዩን ልጣጭ አሽተን እናበጥራለን፤ ያኔ ያመለጠው ጠቆር ያለ ፍሬ በደንብ ይታያል። ከዚያ ስትሪፕ። ለናሙና ከአንድ ቦታ መዝገን አያስተማምንም። መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ስለሚከማች ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ተዘግኖ፣ በብዛት ተፈጭቶ፣ ከዱቄቱ ነው የሚወሰደው።

የለቀማ ጊዜና የሚጣለው ፍሬ ሲደመር የኦቾሎኒው ዋጋ ከገዛንበት በግልጽ ከፍ ይላል። በጀት ስታወጡ ይህን አትርሱ። ስትሪፑም ርካሽ አይደለም። ከሌላ ከምንም እንቆጥባለን፣ ከሱ ግን አንቆጥብም።

አኩሪ አተርና ሽምብራ

ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው፤ ትሪፕሲን የሚባለውን ኢንዛይም ይይዘዋል። የተጎዳ አንጀት ላይ ይህን መጨመር ልጁን መቅጣት ነው። ሙቀት ያጠፋዋል። ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ላይሲን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ይበላሻል። ስለዚህ መሐሉን ማግኘት ነው ሥራው።

በዓይን አይለይም። አንዱ ዙር ቆንጆ ቡናማ መልክ ነበረው፤ ሽታውም ይጋብዛል። ፈተናው ግን ወደቀ። ፈተናው የዩሪያና ፌኖል ሬድ የሚባለው ቀለም ነው። ዩሪያ ውስጥ ቀለሙን ጨምሮ ዱቄቱ ላይ ማፍሰስ ነው። በደንብ ያልበሰለ ዱቄት ውስጥ ዩሪኤዝ የሚባለው ኢንዛይም ሕያው ነው፤ ዱቄቱ ደቂቃ ሳይቆይ በቀይ ነጥብ ይሞላል። ዩሪኤዝ ከጠፋ ትሪፕሲኑን የሚይዘውም አብሮ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ጥቂት ነጥብ እዚህም እዚያም ከታየ ልኩ ነው። አንድም ነጥብ ከሌለ አሮብን ሊሆን ይችላል።

መቁላቱ ላይ ያለው ጣጣ እኩል አለመብሰሉ ነው። ምጣዱ ዳር ያለውና መሐል ያለው አንድ ዓይነት ሙቀት አያገኙም። አሁን አስቀድመን እንዘፈዝፋለን፣ ልጣጩን እናነሳለን፣ በእንፋሎት እናበስላለን፣ ከዚያ አድርቀን ቀለል አድርገን እንቆላለን። ጊዜ ይፈጃል፤ ውጤቱ ግን በየዙሩ አንድ ዓይነት ሆኗል።

ሽምብራውንም እንዘፈዝፋለን። ውሃው ይደፋል። ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ብረትና ዚንክን ይዞ አንጀት እንዳይመጥጣቸው ያደርጋል። መዘፍዘፍ የተወሰነውን ይቀንሳል፤ ማብቀል ደግሞ የበለጠ። ማብቀልን ሞክረን ትተነዋል። እርጥብና ሞቃት ቦታ የሚቆይ ጥራጥሬ ለጎጂ ባክቴሪያም ይመቻል። በኛ ወጥ ቤት ንጽሕና ደረጃ ትርፉ ከሥጋቱ አይበልጥም ብዬ ነው የወሰንኩት።

ሙዝ

ያልበሰለ አረንጓዴ ሙዝ የቀመሩ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ለምን እንደሚፈለግ ግልጽ ነው። ስታርቹ በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ወደ ትልቁ ያልፋል። እዚያ ባክቴሪያዎች ያቦኩትና አጭር ሰንሰለት ያላቸው ፋቲ አሲዶች ይሠሩበታል። ከነሱ አንዱ ቢዩቲሬት ነው፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ምግብ። ዳካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ሌላ ጥናትም የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ ሥር የሰደደ ተቅማጥ ያለባቸውን ሕፃናት ረድቷል።

ችግሩ ውሃው ነው። የኦቾሎኒ ቅቤ ብቻውን ሲሆን ጀርም የሚራባበት ነፃ ውሃ የለውም ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ነው ፓኬቱ ያለ ፍሪጅ ለወራት የሚቆየው። ሙዝ ሲገባበት ያ ጥቅም በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

ስለዚህ አድርቀን ዱቄት ብናደርገውስ አልን። ቆራረጥነው፣ እንዳይጠቁር ሲትሪክ አሲድ ባለው ውሃ ነከርነው፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማድረቂያ ውስጥ እስኪሰበር አቆየነው። ዱቄቱ ነጭ፣ ልስልስ ሆኖ ወጣ። በዚህ ሙቀት ስታርቹ አይበስልም፤ የማይፈጭ ባሕሪው ይቆያል። በጣም ደስ ብሎን ነበር።

ያቆመን የጀርሙ ጉዳይ ነው። 60 ዲግሪ ለማድረቅ እንጂ ጀርም ለመግደል የሚታመን አይደለም። ሳልሞኔላ ደረቅ ምግብ ውስጥ ለወራት ይኖራል። ቅባት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሙቀትን የበለጠ ይቋቋማል። ዱቄቱን እንደገና ብናሞቀው ለስታርቹ ብለን የለፋነው ይቀራል። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አልቻልንም።

ውሳኔ፦ ሙዙ በዕለቱ ተቀቅሎ ይገባል። መቀቀል አብዛኛውን ስታርች እንዲፈጭ ያደርገዋል፤ ሲቀዘቅዝ ጥቂቱ ይመለሳል። ፔክቲንና ሌላው ፋይበር ግን አለ። ጠዋት የተሠራው በዕለቱ እዚሁ ማዕከሉ ውስጥ ይበላል። የተረፈ ይደፋል። በፓኬት ወደ ቤት መላክ የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ቆመ። ለእናቶች በየቀኑ መመላለስ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የተበላሸ ምግብ ቤት ከመላክ ግን ይሻላል።

ስኳሩ

አጭር ማስታወሻ። የቀመሩ 30 እጅ ገደማ ስኳር ነው። ከጎበኙን ባለሙያዎች አንዷ ይህን አይታ ቀንሱት ብላናለች። እኔም ደስ አይለኝም፤ ጥርስም፣ የጣዕም ልምድም አለ። ግን ስኳሩ ሲቀነስ የሚጎድለውን ጉልበት በሌላ ነገር መተካት ነው፤ ያኔ ሌላ ምግብ ሠራን ማለት ነው። ለጊዜው አልነካነውም። ልጁ ድጋፉን የሚያገኘው ለተወሰኑ ወራት መሆኑ ትንሽ ያጽናናኛል።

ፕሪሚክስ ማደባለቅ

የቪታሚንና ማዕድን ዱቄቱ፣ ማለትም ፕሪሚክሱ፣ ከመቶው 3 እጅ ብቻ ነው። ይህን ትንሽ ነገር እኩል ማዳረስ ከባድ ነው። በደንብ ካልተደባለቀ አንዱ ልጅ ሙሉ የዕለት ብረቱን ደርቦ ይወስዳል፣ ሌላው ምንም።

ሁሉን በአንድ ጊዜ ትልቁ ሚክሰር ውስጥ መጨመር አልሠራም። ፕሪሚክሱ ዳር ላይ ይጣበቃል። የሠራልን ዘዴ ደረጃ በደረጃ ማብዛት ነው። ፕሪሚክሱን መጀመሪያ ከራሱ እኩል ከሆነ የተፈጨ ስኳር ጋር ማደባለቅ። ያንን ደግሞ ከራሱ እኩል ከሆነ ስኳር ጋር። እንዲህ እያጠፍን ስኳሩ እስኪያልቅ። ከዚያ ዱቄቶቹ ይገባሉ። ስኳሩ እንደ ዱቄቱ ደቅቆ መፈጨት አለበት፤ የቅንጣቱ መጠን ከተለያየ ሲነቃነቅ ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች ይሆናል።

መደባለቁን የምናረጋግጠው በብረት ነጥብ ነው። ዘይትና ሙዝ ከመግባቱ በፊት ከደረቁ ድብልቅ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አንዳንድ ማንኪያ እንወስዳለን። ሰሌዳ ላይ ጠፍጠፍ አድርገን ፖታሲየም ታዮሳያኔትና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ቀጥሎ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እናንጠባጥባለን። ብረት ያለበት ቦታ ሁሉ ደም የመሰለ ቀይ ነጥብ ይሆናል። ሦስቱ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ለማንም ይታያል። በቀድሞው ዘዴ የታችኛው ሰሌዳ ቀይ በቀይ ነበር፤ የላይኛው ላይ ነጥብ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። አሁን ሦስቱም ይመሳሰላሉ። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። የተፈተነው ናሙና ይጣላል፤ ወደ ድስቱ አይመለስም።

ፕሪሚክስ ያለበት ደረቅ ድብልቅ ከተቀቀለው ሙዝ ጋር የሚገናኘው ማሰሮው ከበረደ በኋላ ነው። ቪታሚን ሲ ሙቀት አይወድም፤ ቪታሚን ኤ ብርሃን አይወድም። የተከፈተ ከረጢት ጨለማና ደረቅ ቦታ፣ በጥብቅ ታስሮ ይቀመጣል።

ስለ ብረት አንድ ነገር። ብረት ለደም ማነስ ያስፈልጋል። ግን ያልተመጠጠው ብረት ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ጎጂ ባክቴሪያዎችም ይፈልጉታል። ኬንያ ውስጥ በሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ብረት ያለው የቪታሚንና ማዕድን ዱቄት በሽታ አምጪዎችን እንዳበዛና የአንጀት ብግነት እንደጨመረ አሳይቷል። በ2017 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ጂኦኤስ የሚባለው ፕሪባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን የሚመግብ) ፋይበር አብሮ ሲሰጥ ጉዳቱ እንደሚቀንስ አሳየ። ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። በታንዛኒያ ፔምባ ደሴት ላይ ብረትና ፎሊክ አሲድ ለሁሉም ሕፃን የተሰጠበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታተም በሆስፒታል መተኛትና ሞት ጨምሮ ነበር የተገኘው። ስለዚህ «ትንሽ እንጨምርበት» የሚባል ነገር የለም። ልጁ ከሌላ ቦታ ብረት ያለው ዱቄት ወይም ሽሮፕ እየወሰደ መሆኑን ነርሷ ሲመዘገብ ትጠይቃለች። የሚወስድ ከሆነ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ፕሮባዮቲክ እንጨምር ወይ?

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይመጣል። አንጀት ካልን ለምን ባክቴሪያውን ራሱን አንሰጥም? ማላዊ ውስጥ ተሞክሯል። ከባድ እጥረት ላለባቸው ልጆች በሕክምናው ቅቤ ውስጥ ፕሮባዮቲክና ፕሪባዮቲክ ተጨምሮ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት የማገገም ልዩነት አላሳየም። በሌላ በኩል ሕንድ ውስጥ በ2017 በታተመ ሙከራ አዲስ ለተወለዱ ጤነኛ ሕፃናት የተሰጠ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ከፕሪባዮቲክ ጋር የደም መመረዝንና ሞትን በአንድነት በ40 በመቶ ቀንሷል። የዕድሜውም፣ የባክቴሪያው ዓይነትም፣ የልጁ ሁኔታም ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። ማሸጊያው ላይ «ፕሮባዮቲክ» ስለተባለ ብቻ ለከሳ ልጅ አልሰጥም። ውድ ነው፣ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ለኛ ልጆች የሚሆን ማስረጃ የለኝም። አልገባም።

ልጆቹ ሲቀምሱ

የመጀመሪያው ቀን ከሁሉም ልጅ ፊት አንድ ነገር አየን። ማንኪያው ይገባል፣ ምላስ ይወጣል፣ ምግቡ አገጭ ላይ ይቀራል። ጣዕሙን ጠልተው መስሎን ነበር። ነርሷ ጠጋ ብላ አየችና ወፍሮባቸው ነው አለች። ቅቤው ላንቃ ላይ ይጣበቃል። ትንሽ የቀዘቀዘ የፈላ ውሃ ጨምረን ስናላላው አንዷ ልጅ ማንኪያውን ራሷ ይዛ ወደ አፏ ጎተተችው። ከዚያ ወዲህ ለትንንሾቹ ሲቀርብ ይላላል። ውሃው የሚጨመረው ሳህኑ ላይ ነው፤ ግራሙ ቀድሞ ይመዘናል።

መጠኑን አንድ ጊዜ አንሰጥም። የልጅ ሆድ በአንድ መቀመጫ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ግራም ገደማ ነው። የከሳ ልጅ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱም ዝቅ ያለ ነው። ለሁለት ከፍለን ጠዋትና ከሰዓት እንሰጣለን። ጡት የሚጠባ መጀመሪያ ይጠባል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ብቻ ይቀምስና እናትየው አጠገባችን ትቆያለች፤ ኦቾሎኒ አለርጂ ሊኖር ይችላል። ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ መቆራረጥ ካየን ምግቡ ይቆማል፤ ልጁ ወዲያው ወደ ሕክምና ይሄዳል።

ምን ያህል እንደበላ የምንመዘግበው የተረፈውን መዝነን ነው። «ጨርሷል» የሚለው ቃል መዝገብ ላይ አይጠቅምም። በሁለተኛው ሳምንት ያየነው፣ ብዙ ልጆች ከሰዓት የሚበሉት ከጠዋቱ ያነሰ ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ ታላቅ ወንድም ወይም እህት አብሮ ይመጣል፤ እሱም ርቦታል። ማን ነው ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን የሚያስከለክል? ለታላላቆቹ ከመደበኛው ወጥ ቤት ምግብ ማቅረብ ጀመርን። ከዚያ በኋላ የትንንሾቹ ሳህን ባዶ መመለስ ያዘ። ይህ ወጪ በመጀመሪያው በጀት ውስጥ አልነበረም፤ አሁን ግን ቋሚ ነው።

ተቅማጥ የያዘው ልጅ ምግቡ አይቆምበትም። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ውህድ) ይጀምራል፣ ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ደም ካለበት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ወደ ጤና ተቋም። ዚንኩ ተቅማጡ ሲቆም የመቋረጥ አደጋ አለው። እናቶች «ዳነ እኮ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ድኗል። ኪኒኑን ስለቀጣዮቹ ወራት ብለን እንደምናስጨርስ ስናስረዳ ይቀበላሉ።

መለካት

ክንድ የሚለካው ግራው ነው፤ ከትከሻው ጫፍ እስከ ክርኑ ያለው መሐል ላይ። ቴፑ ሥጋውን መጫን የለበትም። መላላትም የለበትም። ክብደት ራቁቱን። ቁመት ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ተኝቶ ነው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ጭንቅላቱን ሰሌዳው ላይ ያስጠጋል፣ ሌላው ጉልበቱን ዘርግቶ እግሩን ይይዛል።

በዚህ ዕድሜ ጤነኛ ልጅ በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ ሲወራጭ ግማሽ ሴንቲ ሜትር መሳት ቀላል ነው። የግማሽ ወር እድገት በአንድ መወራጨት ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቴ ይለካል፤ ልዩነቱ ከበዛ ሦስተኛ። ቁመትን በየሳምንቱ መለካት ትርጉም የለውም፤ በወር አንዴ አድርገነዋል። በየሳምንቱ የምንከታተለው ክብደትና ክንድ ነው።

እስካሁን ያየሁትን በጥንቃቄ ልጻፍ። የአብዛኞቹ ክብደት እየጨመረ ነው። ክንዳቸውም። ጥቂቶች ጨርሶ አልተንቀሳቀሱም፤ ከነሱ መካከል ሳል ያለባቸውን ለቲቢ ምርመራ ልከናል። ማነጻጸሪያ ቡድን ስለሌለን ለውጡን ያመጣው ቀመሩ ነው፣ ለታላላቆቹ የተሰጠው ምግብ ነው ወይስ በየቀኑ ነርስ ማየታቸው፣ መለየት አይቻልም። ለጋሾች ሪፖርት ላይ እንዲገባ የምከራከረውም በዚህ አባባል ነው።

ውሃና ሳሙና

ምግቡ ብቻ አንጀቱን አይጠግንም። ልጁ ቤቱ ሲመለስ እዚያው መሬት ላይ ይድሃል። ግን ይህም ቀላል አይደለም። ባንግላዴሽ፣ ኬንያና ዚምባብዌ ውስጥ የተሠሩት ትልልቅ ሙከራዎች ቀላል መጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያና የውሃ ክሎሪን ብቻቸውን የልጆችን ቁመት እንዳልጨመሩ አሳይተዋል። ምግብ ድጋፍ ያገኙት ላይ ነበር ትንሽ የታየው። ከዚህ የምወስደው ጽዳት አይጠቅምም የሚለውን አይደለም። ጥቂት ክሎሪንና ሳሙና ቆሻሻው ለበዛበት ሰፈር አይበቃም፤ ቧንቧና ፍሳሽ ማስወገጃ ያስፈልጋል። ያ ደግሞ ከኛ ወጥ ቤት አቅም በላይ ነው፤ የመንግሥት ሥራ ነው።

እኛ የምንችለው ወጥ ቤታችንን ነው። ጥሬ የሚገባበትና የበሰለ የሚወጣበት በር ተለይቷል። ኦቾሎኒ ያራገፈ ሰው ሳይታጠብና ሽርጥ ሳይቀይር ወደ ማደባለቂያው አይገባም። የልጁም የእናቱም እጅ ከምግብ በፊት ይታጠባል።

ቀጥሎ

የአኩሪ አተሩ እንፋሎት ጊዜ ገና አልረጋም፤ በሚቀጥሉት ዙሮች በየአምስት ደቂቃው ናሙና አውጥቼ በዩሪኤዝ ፈተና ካርታ እሠራለሁ። ሁለተኛ ሚዛን እየተገዛ ነው፤ ፕሪሚክስና ዱቄት በአንድ ሚዛን መመዘኑ ያስቸግራል። ክንዳቸው 125 ደርሶ በተከታታይ ሁለት ልኬት የቆየላቸው ልጆች ይመረቃሉ። እነሱን ምግቡ ከቆመ በኋላ በየወሩ ነርሷ ትጠራቸዋለች። የ2014ቱ ጥናት ካሳየው አንጻር የምፈራው እሱን ጊዜ ነው፤ ክብደቱ ይቆያል ወይስ ይመለሳል የሚለው ለብቻው አዲስ ዓምድ ተከፍቶለታል።